የኒውክሌር ጣቢያ ቁጥጥር ክፍል አየርና «የደንብ እፎይታ»፦ ምን ተፈቀደ? በምን ምትክ?

አንድ የአሜሪካ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ «ከቁጥጥር ክፍል አየር ማናፈሻ ግዴታ እፎይታ ተሰጠው» የሚል ዜና ሲወጣ አንባቢው ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «መሣሪያው ተበላሽቶ ሳለ እንዲሠሩ ፈቀዱላቸው» ብሎ ይደነግጣል። ሌላው ማናፈሻ ሲባል የሙቀት ማብረጃ ብቻ ስለሚመስለው ከቁብ ሳይቆጥር ያልፈዋል። የሁለቱም ግምት ከሰነዱ ጋር አይገጥምም። ማናፈሻው ከሙቀት ማብረጃ በላይ ሥራ አለው፤ እፎይታውም ብዙ ጊዜ ቀንና ሰዓት የተቆረጠለት፣ ምትክ ግዴታ የተጻፈበት ውል ነው። ውሉ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለመፍረድ ግን አስቀድሞ አየሩ በዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ አየሩ ይህን ያህል ለምን ይጨነቃሉ?

ሬአክተር እንደ አምፖል ድርግም ብሎ አይጠፋም። የአተም መሰንጠቁ በሰከንዶች ውስጥ ቢቆምም በነዳጁ ውስጥ የተከማቹት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ሙቀት ማውጣታቸውን ይቀጥላሉ። ሬአክተሩ በቆመበት ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ይቀራል። አንድ ሺህ ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሬአክተር ሦስት ሺህ ሜጋዋት ገደማ ሙቀት ስለሚያመርት፣ ቀሪው ብቻ ወደ 200 ሜጋዋት ይጠጋል። ይህን ሙቀት በውኃ እያስወጣ፣ ቫልቭ እየከፈተና እየዘጋ የሚከታተል ሰው የግድ ነው። ያ ሰው የሚቀመጠው ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። አደጋ ሲደርስ ሌላው ሠራተኛ ግቢውን ለቅቆ ይወጣል፤ ኦፕሬተሮቹ ይቀራሉ። እነሱ መተንፈስ ካልቻሉ ሬአክተሩን የሚይዘው የለም።

ይህ በወረቀት ብቻ የታሰበ ስጋት እንዳልሆነ ሁለት አደጋዎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በፔንስልቬንያ በሚገኘው ስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ነዳጁ በከፊል ሲቀልጥ፣ ራዲዮአክቲቭ አየር ቁጥጥር ክፍል ድረስ ደርሶ ኦፕሬተሮቹ ለሰዓታት የመተንፈሻ ጭምብል አጥልቀው ለመሥራት ተገድደዋል። ፊትን በሚሸፍን ጭምብል ውስጥ ሆኖ «ያንን ቫልቭ ዝጋው» ማለትና በትክክል መሰማት ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም።

በማርች 2011 የደረሰው የፉኩሺማ ዳይቺ አደጋ ደግሞ የባሰ ነበር። ሱናሚው ኤሌክትሪክ ሲያቋርጥ ቁጥጥር ክፍሎቹ ከመብራቱ ጋር የአየር ማጣሪያቸውንም አጡ። ለአደጋው ሠራተኞች የተፈቀደው የጨረር ወሰን ወደ 250 ሚሊሲቨርት (ሚሊሲቨርት ሰው የሚወስደው ጨረር መለኪያ ነው) ከፍ ተደርጎ እንኳ ስድስት የጣቢያው ሠራተኞች አልፈውታል፤ ከፍተኛው 679 ሚሊሲቨርት ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ የሚበዛው ከውጭ ያገኛቸው ጨረር ሳይሆን ከአየር ጋር ወደ ሰውነታቸው የገባ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ያደረሰው ነው።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

በአሜሪካ የቁጥጥር ክፍሉን አየር የሚጠብቀው ሥርዓት እንደየጣቢያው ይለያያል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ተመሳሳይ ነው። አስቀድሞ አንድ ቅጥር አለ፦ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ጣሪያው፣ በሮቹ፣ ገመድና ቧንቧ የሚያልፍባቸው የታሸጉ ቀዳዳዎች፣ የአየር ቱቦዎቹም ሳይቀሩ የዚህ ቅጥር አካል ናቸው። በአዘቦቱ ቀን አየር ከውጭ እንደማንኛውም ትልቅ ሕንፃ ይገባል። የአደጋ ምልክት ሲመጣ ግን የተለመደው መግቢያ በመዝጊያ ይዘጋና አየሩ በማጣሪያ መስመር በኩል እንዲዞር ይደረጋል።

የማጣሪያው መስመር በቅደም ተከተል የተደረደሩ ጓዞች አሉት። መጀመሪያ እርጥበት የሚቀንስ ክፍልና ማሞቂያ፣ ቀጥሎ በጣም ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ይመጣል፤ ይህ ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን ከሚያክል ብናኝ ቢያንስ 99.97 በመቶውን ይይዛል። ከዚያ በኬሚካል የተነከረ ልዩ ከሰል አለ። የከሰሉ ሥራ አዮዲን መያዝ ነው፤ በጋዝ መልክ ያለ አዮዲን ብናኝ ስላልሆነ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያልፈዋልና። ማሞቂያው የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፦ ከሰሉ ውኃ ከጠጣ አዮዲን የሚይዝበት ቦታ ይቀንሳል። ዜኖንና ክሪፕተን የመሳሰሉት ከምንም ነገር ጋር የማይዋሃዱ ጋዞች ግን ከሰሉንም ያልፉታል፤ እነሱን በማጣሪያ ማስቀረት አይቻልም።

አብዛኞቹ ጣቢያዎች ይህን መስመር በእጥፍ ሠርተውታል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲነሳ። በጆርጂያ የሚገኙት አዲሶቹ የቮግትል ጣቢያ 3ኛና 4ኛ ሬአክተሮች ደግሞ ሌላ መንገድ መርጠዋል፦ ኤሌክትሪክ ቢጠፋ ለ72 ሰዓት የሚበቃ የታመቀ አየር በጋን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ወሰኑ ስንት ነው?

በአሜሪካ ሕግ «አጠቃላይ የንድፍ መስፈርት 19» የሚባል አንቀጽ አለ፤ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አደጋው እስኪያልቅ ድረስ በክፍሉ ያለ ሰው ከ5 ሬም በላይ መውሰድ የለበትም ይላል። ሬም በአሜሪካ የሚሠራበት የጨረር መለኪያ ነው፤ 5 ሬም 50 ሚሊሲቨርት ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ምንጮች በዓመት የሚያገኘው በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። አምስቱ ሬም ለአሜሪካ የኒውክሌር ሠራተኛ በዓመት የተፈቀደው ወሰንም ነው።

ይህ ቁጥር ሰው ላይ ተለክቶ አይረጋገጥም፤ በስሌት ነው የሚታየው። ስሌቱ 30 ቀን የሚቆይ አደጋ ይዞ ይነሳል። ሰውየው የመጀመሪያውን 24 ሰዓት በሙሉ ክፍሉ ውስጥ እንዳለ፣ እስከ አራተኛው ቀን 60 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ 40 በመቶውን ጊዜ እዚያ እንደሚያሳልፍ ይታሰባል። ከሬአክተሩ ምን ያህል አምልጦ ወጣ? ነፋሱ ምን ያህሉን ወደ መግቢያው አደረሰው? ማጣሪያው ምን ያህሉን ያዘ? ሳይጣራ የገባውስ ስንት ነው? ደንብ የሚላላውም የሚጠብቀውም በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ላይ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ትልቅ ጣጣ ያመጣው ግን የመጨረሻው ነው።

ክፍሉ በአየር ከተነፋ የውጭው አየር በየት ይገባል?

ብዙ ጣቢያዎች አደጋ ሲመጣ የተጣራ አየር ወደ ክፍሉ እየገፉ የውስጡን ግፊት ከአካባቢው ጥቂት ከፍ ያደርጉታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። የተነፋ ጎማ ቀዳዳ ቢኖረው አየር ይወጣል እንጂ አይገባም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ኢንጂነሮቹ ግፊቱን እየለኩ «ክፍሉ ከጎረቤቶቹ ይበልጣል፤ እንግዲያው ምንም አይሰርግም» ይሉ ነበር። ሰው በበር ሲገባና ሲወጣ ይከተላል ተብሎ በደቂቃ 10 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 283 ሊትር ገደማ፣ ይያዝለታል፤ ሌላው ብዙ ጊዜ ከዜሮ ብዙም አይርቅም ነበር።

ስህተቱ የጎማው ምሳሌ ላይ ነው። ጎማ የራሱን ፓምፕ ተሸክሞ አይዞርም፤ ቁጥጥር ክፍሉ ግን የራሱ ማራገቢያ አለው። አየሩን የሚያዞረው ማራገቢያ ከፊት ለፊቱ ሲገፋ ከኋላው ይስባል። ያ የሚስበው ቱቦ በሌላ ክፍል ውስጥ የሚያልፍ ከሆነና መገጣጠሚያው ላይ ስንጥቅ ካለበት፣ የጎረቤቱን ክፍል አየር እየመጠጠ ከማጣሪያው በኋላ ሊያስገባ ይችላል። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያለው የግፊት መለኪያ ሁሉ ደኅና ነው ይላል። እንዲያውም ሰርጎ የገባው አየር ራሱ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው መለኪያውን ያሳምረዋል! ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ይህችን ነጥብ የምወድዳት ለዚህ ነው፦ ችግሩ መለኪያውን ጥሩ ያስመስለዋል።

ይህን ያጋለጠው ጠቋሚ ጋዝ የሚባለው ዘዴ ነው። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለ፣ በአየር ውስጥ ከቢሊዮን ጥቂት ክፍል ብቻ ቢሆን እንኳ በመሣሪያ የሚታወቅ ጋዝ በክፍሉ ውስጥ በመጠኑ ይለቀቃል። ከሁሉም ጥግ እኩል እስኪቀላቀል ይጠበቅና ቴክኒሻኖች ከተለያየ ቦታ በመርፌ ናሙና እየቀዱ መጠኑ በስንት ጊዜ ስንት እንደቀነሰ ይመዘግባሉ። በባልዲ ውኃ ላይ ቀለም ጠብ አድርገን ከላይ ንጹሕ ውኃ ቢንጠባጠብበት ቀለሙ እየሳሳ እንደሚሄድ ማለት ነው፤ ከመሳሳቱ ፍጥነት የጠብታውን መጠን ማስላት ይቻላል። ከጠቅላላው ገቢ አየር ላይ በማጣሪያው በኩል እንደገባ የሚታወቀው ሲቀነስ የሚተርፈው ሰርጎ ገቡ ነው።

ውጤቱ ተቆጣጣሪውን ያስደነገጠ ነበር። የአሜሪካ የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጁን 2003 ለጣቢያዎቹ ሁሉ በላከው ደብዳቤ፣ እስከዚያ ድረስ ከቁጥጥር ክፍሎቹ 30 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ዘዴ መፈተሻቸውን፣ ከአንዱ በቀር በሁሉም ሰርጎ የሚገባው አየር በስሌታቸው ከተያዘው በልጦ መገኘቱን ገለጸ። ለዓመታት የተፈረመባቸው ስሌቶች ባልተለካ ቁጥር ላይ ቆመው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ «እፎይታ» የሚባለው ምኑ ነው?

እያንዳንዱ ጣቢያ ከፈቃዱ ጋር የተያያዘ የአሠራር ደንብ አለው። ደንቡ የትኛው መሣሪያ ዝግጁ መሆን እንዳለበት፣ ካልሆነም በስንት ጊዜ መጠገን እንዳለበት፣ ጊዜው ካለፈ ሬአክተሩ በስንት ሰዓት መቆም እንዳለበት ይዘረዝራል። ከሁለቱ የማጣሪያ መስመሮች አንዱ ቢበላሽ የተለመደው የጥገና ጊዜ 7 ቀን ነው። እፎይታ ማለት ይህን ደንብ በሕጋዊ መንገድ ማሻሻል፣ ማራዘም ወይም ለጊዜው ማንሳት ነው።

መንገዶቹ ክብደታቸው እኩል አይደለም። በጣም የተለመደው የፈቃድ ማሻሻያ ነው። ጣቢያው ያመለክታል፤ ኮሚሽኑ ማመልከቻውን በይፋ አውጥቶ ሕዝቡ በ30 ቀን ውስጥ አስተያየት እንዲሰጥ ይጋብዛል፤ ችሎት መጠየቅ ለሚፈልግ ደግሞ 60 ቀን አለው። እዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ለውጡ አስቀድሞ የተጠናን አደጋ የመድረስ ዕድል ወይም ጉዳት በጉልህ ያበዛል? አዲስ ዓይነት አደጋ ይፈጥራል? የደኅንነት ህዳጉን በጉልህ ይቀንሳል? ለሦስቱም መልሱ «የለም» ከሆነ ችሎቱ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ሊጸድቅ ይችላል። በዜና ላይ «ጉልህ አደጋ የለውም ተባለ» የሚለው አባባል የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የሥርዓት ጥያቄ እንጂ ለመሣሪያው የተሰጠ የጤንነት ምስክር ወረቀት አይደለም።

ከግዴታ ነጻ ማድረግ ሌላው ነው፤ ይህ ከጣቢያው የአሠራር ደንብ አልፎ የሕጉን አንቀጽ ራሱን ስለሚነካ ልዩ ምክንያት ይጠየቅበታል። የመጨረሻውና አጣዳፊው ደግሞ ኮሚሽኑ ደንቡን ለጊዜው ከማስፈጸም የሚታቀብበት ነው። የጥገናው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶ ሥራው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ በስልክ ተጠይቆ በቃል ሊፈቀድ ይችላል፤ ጽሑፉ ይከተላል። እንዲህ የሚደረገው ሬአክተርን ማቆምም የራሱ አደጋ ስላለው ነው። ከሙሉ ኃይል ወርዶ ማቀዝቀዝ ፓምፖችን፣ ቫልቮችንና ሰዎችን ሁሉ የሚፈትን ጉዞ ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ጥገና ሲባል ያንን መንገድ ማስጀመር ከመጠበቁ የባሰ ሊሆን ይችላል።

ሲሰጥ በምትኩ ምን ይወሰዳል?

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከ2003ቱ ደብዳቤ በኋላ የመጣው ለውጥ ነው። ድሮ የቅጥሩ አንድ ቀዳዳ ሁለቱንም የማጣሪያ መስመሮች በአንድ ጊዜ ከጥቅም ውጭ እንዳደረገ ይቆጠር ስለነበር፣ አንድ በር በደንብ አልገጥም ብሎ ሬአክተሩ ወዲያው መቆም ሊጀምር ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለጣቢያዎቹ የቀረበው የደንብ አብነት ይህን ቀየረው። ቅጥሩ ሲጓደል ማካካሻ እርምጃ ወዲያው ይጀመራል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እርምጃው ሠራተኞቹን ከጨረር፣ ከኬሚካልና ከጭስ እንደሚጠብቅ ይረጋገጣል፤ ጥገናው በ90 ቀን ይጠናቀቃል። ከምንም ወደ 90 ቀን መሄድ ትልቅ እፎይታ ነው። በዚያው ሰነድ ውስጥ ግን ቀድሞ ያልነበረ ግዴታም ገባ፦ ሰርጎ ገቡን አየር በየ6 ዓመቱ መለካት። ከስሌት ወደ መለኪያ መሄዱ ከተሰጠው ጊዜ የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለኛል።

ሌላው በጣም የሚያስፈራ የሚመስል ግን ቀላል የሆነው፣ ማጣሪያውን በየወሩ ለ10 ተከታታይ ሰዓት ማንቀሳቀስ ወደ 15 ደቂቃ የወረደበት የ2012ቱ ለውጥ ነው። በርዕስ ደረጃ «ፍተሻው ከ10 ሰዓት ወደ 15 ደቂቃ ተቆረጠ» ሲባል ቅሌት ይመስላል። አሥሩ ሰዓት የተጻፈው ግን ማሞቂያው የከሰሉን እርጥበት እንዲያደርቅ ነበር። ኋላ ላይ የከሰል ናሙና ላቦራቶሪ ውስጥ እርጥበቱ 95 በመቶ በሆነ አየር እየተፈተነ ብቃቱ ሲረጋገጥ ማድረቂያው ሰዓት ምክንያቱን አጣ። ማራገቢያው መነሳቱንና መዝጊያዎቹ መሥራታቸውን ለማየት 15 ደቂቃ ይበቃል።

ለዘለቄታው የተዘጉ ጣቢያዎችም ይህን ግዴታ ከደንባቸው ሲያስወጡ ይታያል። ምክንያቱ አዮዲን-131 በየ8 ቀኑ በግማሽ መቀነሱ ነው፤ ከ80 ቀን በኋላ የሚቀረው ከሺህ አንድ ገደማ ነው። የሚጠበቀው ነገር ሲጠፋ ጠባቂው ይሰናበታል።

አከራካሪው ስሌቱን በመቀየር ብቻ የሚገኘው እፎይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ደንብ ጣቢያዎች ከ1962 የመጣውን የቆየ የአደጋ ግምት ትተው በአዲስ እንዲተኩ ፈቀደ። በአሮጌው ስሌት ከሚያመልጠው አዮዲን 91 በመቶው ጋዝ ነበር፤ በአዲሱ 95 በመቶው ብናኝ ነው። ብናኝ ይዘቅጣል፣ በውኃ ይታጠባል፣ በማጣሪያ ይያዛል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ይወስዳል የተባለው ጨረር በወረቀት ላይ ይወርዳል፣ ለሰርጎ ገብ አየርም ሰፊ ቦታ ይገኛል። ሳይንሱ ከስሪ ማይል አይላንድ ወዲህ በተገኘ እውቀት የተደገፈ ነው። ሆኖም ከማሻሻያው በፊትም በኋላም የሚያፈሰው ቱቦ ያው ቱቦ ነው። ተቺዎች ይህን ሲያነሱ መልሱ «ቀድሞ የነበረው ግምት ከልክ በላይ ጥብቅ ነበር» የሚል ነው፤ ሁለቱም አባባል በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል።

አምስቱ ሬም ራሱ ይነካ ይሆን?

ጥያቄው በይፋ ተነስቷል። ጣቢያዎች ነዳጅ ሳይለውጡ ረዘም ላለ ጊዜ ለመሥራት ከተለመደው 5 በመቶ በላይ የበለጸገ፣ ማለትም በቀላሉ የሚሰነጠቀው የዩራኒየም ዓይነት ድርሻ ከዚያ በላይ ከፍ የተደረገበት፣ ዩራኒየም መጠቀም ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው ነዳጅ ብዙ ሲቃጠል በውስጡ የሚከማቸው ራዲዮአክቲቭ ነገርም ስለሚበዛ የቁጥጥር ክፍሉ ስሌት ወደ ወሰኑ ይጠጋል። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ለውይይት ባወጡት ሰነድ የክፍሉን መስፈርት መከለስ ከአማራጮቹ አንዱ አድርገው አቅርበዋል። የደጋፊዎቹ ክርክር በጥቃቅን ስሌት ለመዋጋት የሚጠፋው ጉልበት ለሌላ የደኅንነት ሥራ ቢውል ይሻላል የሚል ነው። የሚቃወሙት ደግሞ ጠባቡ ወሰን ነው ጣቢያዎቹን ቀዳዳቸውን እንዲፈልጉ ያስገደዳቸው ይላሉ።

እስከዚያው አንድ ማመልከቻ በእጁ የገባ አንባቢ ገጾቹን ገልጦ በመጀመሪያ ሊፈልገው የሚገባው መስመር አለ፦ ሳይጣራ የሚገባው አየር በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ተብሎ እንደተያዘ፣ ከጎኑም በጠቋሚ ጋዝ መቼ እንደተለካ የሚያሳየው። የተያዘው 100 ሆኖ ባለፈው ፍተሻ የተለካው 40 ከሆነ ጣቢያው የሚጠይቀውን ጊዜ ከእውነተኛ ትርፍ ላይ እየጠየቀ ነው። የተለካው 95 ከሆነ፣ ወይም የፍተሻው ቀን ስድስተኛ ዓመቱን ሊደፍን የተቃረበ ከሆነ፣ የማካካሻ እርምጃዎቹን ዝርዝር ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል፦ የመተንፈሻ ጭምብሎቹ ስንት እንደሆኑ፣ የትኛው በር እንደታሸገ፣ በሬአክተር ውስጥ የቆየ ነዳጅ ማንቀሳቀስ እስከ መቼ እንደታገደ።